የሲቀላው ቤትና አራቱ ዓምዶች፦ የዳታ ሞዴል ታሪክ ከአርባ ምንጭ ሲታይ

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች በቃል ከቀረበ ገለጻ የተወሰደ ጽሑፍ)



በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራቸውን የሚጀምሩ ተማሪዎች ወደ ቢሮዬ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ይዘውት የሚመጡት ሐሳብ ቀላል የዌብ መተግበሪያ ነው፤ የቀበሌ ነዋሪዎች መመዝገቢያ፣ የክሊኒክ ካርድ መያዣ፣ የሙዝ አምራቾች ማኅበር የአባላት ዝርዝር። «ሞዴሉን ሠርታችኋል ወይ?» ብዬ ስጠይቃቸው «እሱማ አልቋል» ይሉኛል። ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ «ነዋሪ» የሚል አንድ ሠንጠረዥ አያለሁ። ከሥሩ የመጀመሪያ ስም፣ የአባት ስም፣ የልደት ቀን፣ ክልል፣ ዞን፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ የባለይዞታ ስም የሚሉ ዓምዶች ተደርድረዋል። ሥራው የወሰደባቸው ጊዜ ዐሥር ደቂቃ ያህል ነው።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው እነዚህ የዐሥር ደቂቃ መስመሮች የተሸከሙትን ታሪክ ነው። በእነርሱ ውስጥ የሰው ስም ምን እንደሆነ፣ ዕድሜ እንዴት እንደሚታወቅ፣ ቤት የት እንደሚገኝና መሬት የማን እንደሆነ አስቀድሞ የተወሰኑ አራት ውሳኔዎች አሉ። ተማሪዎቼ እነዚህን ውሳኔዎች መወሰናቸውን አያውቁም፤ ሌላ ሰው ወስኖላቸዋል። ያ ሌላ ሰው ማን እንደነበረ መጠየቅ የታሪክ ሥራ ነው። ስለዚህ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ሆኜ ሳለ ዛሬ የማቀርበው የታሪክ ገለጻ ነው፤ የታሪክ ክፍል ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝ።

ከዛፍ ወደ ሠንጠረዥ

የዳታ ሞዴል የምንለው በመሠረቱ ውሳኔ ነው። ከዓለም ውስጥ ምን ምኑን ራሱን እንደቻለ ነገር እንቆጥራለን? ስለ እያንዳንዱ ምን እንመዘግባለን? ከሌላው ጋርስ በምን እናገናኘዋለን? ይህ ጥያቄ ከኮምፒውተር ጋር የተወለደ አይደለም። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የመሬት ስጦታ በወንጌል መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ሲጻፍ ሰጪው፣ ተቀባዩ፣ መሬቱና ምስክሮቹ በየተራቸው ይሰፍሩ ነበር። ያን የሚጽፍ ጸሐፊ ምን እንደሚመዘገብና ምን እንደሚተው ወስኖ ነው ብዕሩን የሚያነሣው።

ኮምፒውተር ሲመጣ ውሳኔው መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቻርልስ ባክማን በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ የዳታቤዝ ሥርዓቶች አንዱን ሠራ። በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ደግሞ አይ.ቢ.ኤም. ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ የሚያስፈልጉትን እጅግ ብዙ የመንኮራኩር ዕቃዎች ለመቆጣጠር አይ.ኤም.ኤስ. የተባለውን ሥርዓት ከአጋሮቹ ጋር አዘጋጀ። አይ.ኤም.ኤስ. መረጃን የሚያስቀምጠው እንደ ዛፍ ነው። መንኮራኩሩ ክፍሎች አሉት፣ ክፍሉ ንዑሳን ክፍሎች አሉት፣ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ወላጅ ብቻ አለው። ለመንኮራኩር ይህ ተስማሚ ነበር።

በዚያው ዘመን የነበረው የሀገራችን አስተዳደርም ዛፍ ነበር፤ ጠቅላይ ግዛት፣ ከሥሩ አውራጃ፣ ከሥሩ ወረዳ፣ ከሥሩ ምክትል ወረዳ። የሰው ኑሮ ግን በዛፍ ላይ አይሰቀልም። አንድ የዶርዜ ሸማኔ አስቡ። ቤቱና እንሰቱ በጨንቻ ደጋ ነው፤ ሸማውን የሚሠራው በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ለመስቀል ወደ አገሩ ይመለሳል። ይህን ሰው ከየትኛው ቅርንጫፍ ላይ እናስቀምጠው? ዛፉ አንድ ወላጅ ብቻ ስለሚፈቅድ ወይ ግማሽ ኑሮውን መሰረዝ፣ ወይ ሰውየውን ሁለት ጊዜ መመዝገብ ግድ ይሆናል። ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ሰው ደግሞ በአንዱ ቦታ ሲሞት በሌላው ይኖራል።

መውጫውን ያሳየው በሳን ሆዜ የአይ.ቢ.ኤም. ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ ነው። ስሙ እኛ ከምንጽፈው ኮድ ጋር መገጣጠሙ እንዲያው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 1970 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ፣ ማለትም በረድፍና በዓምድ ይቀመጥ አለ። በሠንጠረዦች መካከል ያለው ግንኙነትም በመረጃው ዋጋ ይገለጽ እንጂ መረጃው በተቀመጠበት መንገድ አይወሰን ብሎ አስተማረ። ሸማኔው በአንድ ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ ይመዘገባል፤ ቦታዎቹ በሌላ ሠንጠረዥ ይመዘገባሉ፤ ሦስተኛው ሠንጠረዥ «ይህ ሰው በዚህ ቦታ ይኖራል፣ በዚያ ይሠራል» እያለ ያገናኛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ዛሬ ኤስ.ኪው.ኤል. የምንለውን ቋንቋ አቀረቡ። በ1976 ደግሞ ፒተር ቼን፣ ተማሪዎቻችን በሳጥንና በአልማዝ ቅርጽ የሚሥሉትን የአካላትና የግንኙነቶች ሞዴል አሳተመ።

እስከዚህ ድረስ ሞዴል መንደፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፤ ከሰው ጋር መነጋገርን፣ ቅጾችን መሰብሰብን፣ ወረቀት ላይ መሣልን ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ሩቢ ኦን ሬይልስ፣ በ2005 ጃንጎ ሲወጡ ነገሩ ተለወጠ። ሠንጠረዡ ከፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ በጥቂት መስመር ይጻፋል፤ የቀረውን መሣሪያው ይሠራል። ትልቅ ጸጋ ነው፤ እኔም አስተምረዋለሁ። ነገር ግን ሥራው ዐሥር ደቂቃ ብቻ ሲሆን ማሰቢያው ጊዜም አብሮ ያጥራል።

አንደኛው ዓምድ፦ ስም

ጃንጎ ዝግጁ አድርጎ የሚሰጠን የተጠቃሚ ሞዴል «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉት። መሣሪያው የተፈጠረው በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ሎረንስ በተባለች ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ቤት ነው። ለካንሳስ አንባቢ የመጨረሻ ስም ማለት የቤተሰብ ስም ነው። ለእኛ ግን የመጨረሻው ስም የአባት ወይም የአያት ስም እንጂ ቤተሰቡን በሙሉ የሚሰበስብ ስም አይደለም። ባል፣ ሚስትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ሦስት የተለያየ «የመጨረሻ ስም» አላቸው። በውጭ ሀገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጃቸውን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ «እናትየዋ አንቺ ነሽ?» ተብለው የሚጠየቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ዓምድ ወደ ሀገራችን ያመጣው ኮምፒውተር እንዳይመስላችሁ። በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። በአስተዳደር ሰነድም የቤተሰቡ ስም እንዲቀድም ያዛል። ሕጉ ዓምዱን ሠራ፤ ሕዝቡ ባዶውን ተወው። ሰው ስሙን ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር ማስከተሉን ቀጠለ።

ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ያለው በዚያው ሕግ ውስጥ ነው። ሕጉ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ በዝርዝር ደንግጎ ሲያበቃ፣ በአንቀጽ 3361 እነዚያ ድንጋጌዎች ለወደፊቱ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪጸኑ ድረስ እንዲቆዩ አደረገ። ቆዩ። ጉዳዩን የያዘው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በሀገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሠንጠረዡ ተነድፎ የመጀመሪያው ረድፍ እስኪሞላ 56 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ሞዴል መንደፍና መዝገብ መኖር ለየቅል መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

በስም ዓምድ ላይ የፊደል ጉዳይም አለ። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም ውሰዱ። የመጀመሪያው ድምፅ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል፤ ስድስት አማራጭ ነው። ሥ ወይም ስ ሲጨመርበት ዐሥራ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው ወይም ተለያይተው ሊጻፉ ስለሚችሉ 24 ይደርሳል፤ የመጨረሻውን ሴ ገና ሳንነካው። ለኮምፒውተር እነዚህ 24 የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ ዕትም ውስጥ ከመካተቱ በፊት ደግሞ ነገሩ የባሰ ነበር፤ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የየራሱን የፊደል ኮድ ስለሚጠቀም በአንዱ ቢሮ የተጻፈ ዝርዝር በሌላው ቢሮ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ባለስሙ እንደሚጽፈው የተጻፈውን ስም በአንድ ዓምድ ሳንነካ እናስቀምጥ፤ ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ የተሰበሰቡበትን ቅጂ ለፍለጋ ብቻ በሌላ ዓምድ እንያዝ። ስምን ግን መለያ ቁልፍ አናድርገው። ዛሬ በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ፋይዳ ለእያንዳንዱ ነዋሪ 12 አኃዝ ያለው ልዩ ቁጥር ይሰጣል። ይህ የቁልፍን ችግር በእጅጉ ያቃልላል። ሆኖም ቁጥሩን ገና ያልያዘ ሰው እንዳይመዘገብ የሚከለክል ሠንጠረዥ ከነደፍን፣ መጀመሪያ የሚቀረው አገልግሎቱን አብዝቶ የሚፈልገው ነው።

ሁለተኛው ዓምድ፦ የልደት ቀን

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ ገና ወጣት መምህር ሳለሁ፣ ስሙን ለማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች መመዝገቢያ ሠራሁ። የልደት ቀንን ግዴታ አደረግሁት፤ ካልተሞላ መዝገቡ አይቀመጥም። በዚያን ጊዜ ይህ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። ጸሐፊዋ ቀኑን የማያውቅ ሠራተኛ ሲገጥማት መስከረም 1 እያለች ሞላች። ምን ታድርግ? እኔ ሌላ በር አልተውኩላትም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ የነበሩ አዛውንት ሲቀላ አስፋልት ዳር አገኙኝና አስቆሙኝ። «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እኔ መስከረም አንድ የተወለድኩት መቼ ነው?» አሉኝ። ጡረታ እንዲወጡ ደብዳቤ ደርሷቸው ነበር። ሲመዘገቡ «ቤተ መንግሥቱ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ እረኛ ነበርኩ» ብለው ነው የተናገሩት። ይህ ከተማችን ከተቆረቆረችበት ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጋር የሚገጥም እውነተኛ ምስክርነት ነው። እረኛ ግን የሰባት ዓመት ልጅም፣ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅም ሊሆን ይችላል። ጸሐፊዋ አንድ ዓመተ ምሕረት መርጣ ጻፈች፤ የእኔ ፕሮግራም ከዚያ ላይ ስልሳ ዓመት ቆጥሮ ቀኑን አወጣ። «አባባ፣ እኔ እኮ እርስዎን አላውቅም ነበር» አልኳቸው። «አዎ፣ እኔም ያልኩት እሱን ነው» ብለውኝ ሄዱ። ደብዳቤው አልተለወጠም። ማን ምን ማስረጃ ያቀርባል? የነበረው ማስረጃ የእረኝነታቸው ነገር ብቻ ነው፤ እርሱን ደግሞ የሚቀበል ዓምድ አልሠራሁም።

ኤድጋር ኮድ ይህን ችግር አስቦበት ነበር። ባዶ ቦታ ሁሉ አንድ ዓይነት ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች እንዲኖሩ ሐሳብ አቀረበ፤ አንደኛው «አለ፣ ነገር ግን አልታወቀም» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ይህን ሰው ጭራሽ አይመለከተውም» የሚል ነው። የኤስ.ኪው.ኤል. ቋንቋ ሁለቱን በአንድ ባዶ ቦታ ጠቅልሎ ቀረ። እኔ ደግሞ ያን አንዱን እንኳ ከለከልኩ።

ሁለተኛው ጉዳይ የዘመን አቆጣጠር ነው። ዳታቤዝ «ቀን» ብሎ የሚያውቀው የግሪጎርያኑን ቀን ብቻ ነው። ጥቅምት 30ን በቁጥር ስትጽፉት ሁለተኛው ወር፣ ሠላሳኛው ቀን ነው፤ ዳታቤዙ በፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም ብሎ ይመልሰዋል። ጳጉሜን ደግሞ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ስለሆነ ከነቀኖቹ ይወድቃል። ማይ ኤስ.ኪው.ኤል. የተባለው ዳታቤዝ በቀደሙት ዕትሞቹ ጥብቅ ካልተደረገ በስተቀር የማይቀበለውን ቀን በዜሮዎች ተክቶ ዝም ይል ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሚመለሰው ቀን አይደለም፤ ሳይመለስ የሚገባው ነው። ኅዳር 12 ቀን 1985 ዓ.ም. እንደ ኖቬምበር ወይም እንደ ማርች ሆኖ ያለ አንዳች ጩኸት ይገባል፤ ሰውየውም በመዝገብ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ትክክለኛው መንገድ ቀኑን በአንድ አቆጣጠር ብቻ ማስቀመጥ፣ ለሰው ሲታይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየትና ተናጋሪው በየትኛው አቆጣጠር እንደተናገረ በሌላ ዓምድ መያዝ ነው።

የሕዝብ ቆጠራ ባለሙያዎች ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተደረጉት ቆጠራዎች ሰዎች ዕድሜያቸውን በዜሮና በአምስት በሚያልቁ ቁጥሮች አብዝተው ተናግረዋል። ይህ ውሸት አይደለም፤ ግምትን በክብ ቁጥር መናገር የቋንቋ ልማድ ነው። የከተማችንን ስም ተመልከቱ። አርባ ምንጭ ሲባል ቆጥሮ ሠላሳ ዘጠኝ ነው የሚል ሰው የለም። ስለዚህ ለግምት ቦታ እንስጥ፤ «ከዚህ ዓመት በፊት አይደለም»፣ «ከዚህ ዓመት በኋላ አይደለም» እና «በምን ታወቀ» የሚሉ ሦስት ዓምዶች የጥበቃ ሠራተኛውን ሙሉ ቃል በታማኝነት ይይዙ ነበር።

ሦስተኛው ዓምድ፦ አድራሻ

አሁን በሲቀላ አንድ ቤት እንምረጥ። ቤቱ ከተሠራበት ከ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አድራሻውን ግን እንከተለው።

መጀመሪያ በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ አደራጀ፤ ቤቱም የቀበሌ ቤት ሆነ። የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ከተመሠረተ በኋላ ክፍለ ሀገሩ ተከፍሎ ቤቱ በሰሜን ኦሞ አስተዳደር አካባቢ ሥር ዋለ። በሽግግሩ ዘመን ሰሜን ኦሞ ዞን ሆኖ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ተካተተ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ኦሞ ሲፈርስ ጋሞ ጎፋ ዞን ተቋቋመ። በ2011 ዓ.ም. ጋሞና ጎፋ የየራሳቸው ዞን ሆኑ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ጋሞ ዞን የእርሱ አካል ሆነ። አንድ ቤት፣ ሰባት አድራሻ!

ተማሪዬ «ክልል» እና «ዞን» የሚሉትን በነዋሪው ረድፍ ላይ ሲጽፍ፣ በእያንዳንዱ ለውጥ የሁሉንም ነዋሪ ረድፍ ማረም አለበት። ሲያርም ደግሞ ያለፈውን ይደመስሳል። በ1988 ዓ.ም. «ሰሜን ኦሞ ዞን» ተብሎ የተሰጠ የውርስ ማስረጃ ይዛ የመጣች ሴት፣ መዝገቡ «ጋሞ ዞን» ብቻ ስለሚል «ይህ ሰነድ ከእኛ አይደለም» ትባላለች። ሰነዷ ሐሰተኛ ሆኖ አይደለም፤ መዝገቡ የትናንቱን ስለረሳ ነው።

የዚህ መድኃኒት ጊዜን በሞዴሉ ውስጥ ማስገባት ነው። ቦታው አንድ ሠንጠረዥ፣ የአስተዳደር ክፍሉ ሌላ ሠንጠረዥ ይሁን፤ «ይህ ቦታ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ለዚህ ክፍል ተጠሪ ነበር» የሚለው ሦስተኛ ሠንጠረዥ ይሁን። ተመራማሪዎች ነገሩ በእውነት የጸናበትን ጊዜና በመዝገብ የተጻፈበትን ጊዜ ለይተው እንዴት መያዝ እንደሚቻል ለብዙ ዓመታት ደክመዋል፤ የኤስ.ኪው.ኤል. መመዘኛም እ.ኤ.አ. በ2011 ዕትሙ ይህን ተቀብሏል። እኛ ግን ከማንም በላይ ያስፈልገን ነበር።

ሰሜን ኦሞ ስለፈረሰበት ምክንያት አንድ ቃል ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በአንድ የማስተማሪያ ቋንቋ ለመጠቅለል ተሞከረ፤ ስሙም ከአራቱ ተቀንጭቦ «ወጋጎዳ» ተባለ። ተቃውሞ ተነሣ፤ በወላይታ የሰው ሕይወት ጠፋ። ዕቅዱ ቀረ፤ ዞኑም ተከፋፈለ። የፖለቲካ ትንተናውን ለሚመለከታቸው እተወዋለሁ። ለእኛ ሙያ የሚቀረው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፤ ቋንቋዎቹ መቀራረባቸው እውነት ነው፣ የሚናገሯቸው ሕዝቦች ግን ራሳቸውን እንደ አንድ አልቆጠሩም። ምን ከምን ጋር አንድ እንደሆነ የሚወስነው ሠንጠረዡን የሚሠራው ሰው ብቻ ሊሆን አይችልም። ዓለም አቀፉ የቋንቋዎች መለያ ኮድ እንኳ ጋሞን፣ ጎፋንና ዳውሮን በአንድ ኮድ ይዞ ከቆየ በኋላ ኮዱን ሰርዞ ለሦስቱም የየራሳቸውን ሰጥቷል።

አራተኛው ዓምድ፦ ባለይዞታ

የመጨረሻው ዓምድ አጭር ነው፤ ክብደቱ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ ተካሄደ። በአፍሪካ ከተደረጉት ሰፋፊ የመሬት ምዝገባዎች አንዱ ነው። ሥራው በአብዛኛው በወረቀት መዝገብ የተሠራ ነበር። ሆኖም ወረቀቱም ሞዴል ነው።

በትግራይ የመጀመሪያው ማረጋገጫ በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ይሰጥ ነበር። በአማራና በደቡብ ክልሎች ግን ደብተሩ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ የሚይዝ ቦታ ነበረው። በቅጹ ላይ ያለው ልዩነት ጥቂት ጣት የምትሞላ ቦታ ናት። በሕይወት ላይ ያለው ልዩነት ግን ባሏ የሞተባት ወይም የፈታችው ሴት በሽማግሌ ፊት፣ በፍርድ ቤት ፊት የምታሳየው ፎቶግራፍ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

በኮድ ቋንቋ ሲነገር፣ ተማሪዬ «የባለይዞታ ስም» ብሎ አንድ ዓምድ ሲጽፍ፣ አንድ መሬት አንድ ባለይዞታ ብቻ አለው ብሎ ፈርዷል። «ሁለት ዓምድ ልጨምር» ቢል ደግሞ ባለ ሁለት ሚስት ቤተሰብ፣ ወይም አባታቸው ሞቶባቸው ያልተከፋፈሉ አምስት ወንድማማቾች ሲመጡ እንደገና ይቸገራል። የኮድ ትምህርት የሚያዝዘው ሰው አንድ ሠንጠረዥ፣ መሬት አንድ ሠንጠረዥ፣ ይዞታ ደግሞ ሁለቱን የሚያገናኝ ሦስተኛ ሠንጠረዥ እንዲሆን ነው። ያኔ ባለይዞታው አንድም ይሁን ሰባት፣ መዝገቡ ማንንም ከደጅ ሳያስቀር ይቀበላል። ይህ በኮምፒውተር ላይ የአምስት መስመር ሥራ ነው። አምስቱ መስመሮች ካልተጻፉ ግን፣ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ጥሩ ገጽታ፣ ማንኛውም ፈጣን ሰርቨር፣ ያልተመዘገበችውን ሚስት ሊያሳይ አይችልም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ አራቱን ዓምዶች አየን። የስም ዓምድ ከካንሳስ ከመምጣቱ በፊት ከፓሪስ መጥቶ እንደነበር፣ የልደት ቀን ዓምድ ጠባቂውን አዛውንት በማያውቁት ቀን እንዳስወለዳቸው፣ የአድራሻ ዓምድ የማይንቀሳቀስ ቤት ሰባት ጊዜ እንዳዘዋወረ፣ የባለይዞታ ዓምድ የሰው መብት ሊሸከም ወይም ሊጥል እንደሚችል ተመለከትን። በአራቱም ቦታ ችግሩ የቴክኖሎጂ ማነስ አልነበረም። ኮድ መፍትሔውን የሰጠው ሃምሳ ዓመት አልፎታል። የጎደለው፣ ከመንደፍ በፊት ለተመዝጋቢው የሚቀርበው ጥያቄ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ለቀላል መተግበሪያ ይህን ያህል መጨነቅ ያስፈልጋልን?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሁሉም መተግበሪያ ሁሉንም ታሪክ ሊሸከም አይገባውም። የምግብ ቤት ትእዛዝ የሚቀበል ሥርዓት የደንበኛውን የልደት ቀን ጨርሶ አይጠይቅ፤ የማያስፈልገንን አለመጠየቅም የሞዴል ውሳኔ ነው። ነገር ግን መዝገቡ በሰው ጡረታ፣ በሰው ውርስ፣ በሰው መሬት ላይ የሚፈርድ ከሆነ ቀላል የሚባል መተግበሪያ የለም።

ስለዚህ የዘንድሮ ተመራቂዎቼን አንድ ነገር አዛለሁ። ሞዴላችሁን ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ሲቀላ ወጥታችሁ ሦስት ሰው አነጋግሩ፤ አንድ ዕድሜውን በትክክል የማያውቅ፣ አንድ በሁለት ቦታ የሚኖር፣ አንዲት ስሟ በባሏ መዝገብ ውስጥ የተሸፈነ። ሦስቱም በሠንጠረዣችሁ ውስጥ ሳይዋሹ መግባት መቻላቸውን አሳዩኝ። እኔም ያን ጊዜ አንድ ሰው እንኳ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ታሪክ ባልነገርኳችሁ።